በጋምቤላ መኪና ከመግዛት በፊት፦ አዲሱ ሞዴል ወይስ የነሐሴው መንገድ?

በጋምቤላ ከተማ የዕለት ጉዞ በአብዛኛው በባጃጅና በሞተር ሳይክል ይከናወናል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ቁጥር እየጨመረ መምጣቱ በክልሉም የመኪና ግዢን ጉዳይ የቤተሰብ መነጋገሪያ አድርጎታል። በቡና፣ በከብት፣ በሰሊጥ ወይም በንግድ ለዓመታት ጥሪት ያጠራቀመ ቤተሰብ መኪና ሲገዛ፣ ብዙ ጊዜ ያለውን ሁሉ በአንድ ውል ላይ ያኖራል። ውሳኔው ከተሳሳተ የሚቆመው መኪናው ብቻ አይደለም፤ የልጆች ትምህርት፣ የቀጣዩ ዓመት የእርሻ ወጪና የንግድ መነሻ ገንዘብም አብረው ይቆማሉ።

አምራች ኩባንያዎች በየጥቂት ዓመቱ የመኪናቸውን መልክ ያድሳሉ። ፊቱ ይሾላል፣ መብራቱ ይቀጥናል፣ ስክሪኑ ይሰፋል። እነዚህ ሁሉ በመሸጫ ግቢ ውስጥ በቀላሉ ይታያሉ። በጋምቤላ የመኪናን ብቃት የሚወስኑት ግን የመጋቢት ሐሩር፣ የነሐሴ ጭቃ፣ የመብራት መኖርና የጥገና ቅርበት ናቸው። ይህ ጽሑፍ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያመዛዝናቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያቀርባል።

ጥያቄው ለምን የኤሌክትሪክ መኪና ሆነ?

የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቀዋል። ኢትዮጵያ በዚህ ውሳኔ በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች። ከዚያ ቀደም ብሎም የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎ ነበር። የገንዘብ ሚኒስቴር በበኩሉ በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ወስኗል። ሙሉ በሙሉ ተበትነው ለመገጣጠም የሚገቡት ደግሞ ቀረጥ እንዳይከፈልባቸው ተደርጓል። እንዲህ ያሉ መመሪያዎች ሊለወጡ ስለሚችሉ፣ በግዢው ወቅት በሥራ ላይ ያለውን ምጣኔ ከጉምሩክ ኮሚሽን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

የነዳጅ ዋጋም የራሱ ድርሻ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። በዚህ ሒሳብ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚወስድ መኪና ለዚያው ርቀት ከ800 ብር በላይ ይጠይቃል። በሌላ በኩል የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

ስለዚህ አዲስ አውቶሞቢል መግዛት የሚሻ ሰው አመዛኙ ምርጫው ኤሌክትሪክ ነው። ጠንካራ የናፍጣ መኪና የሚፈልግ ደግሞ በአብዛኛው ፊቱን ወደ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ያዞራል።

አዲስ ሞዴል ሲባል ምን ማለት ነው?

«አዲስ ዲዛይን» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው የመልክ እድሳት ነው፤ የፊት መከለያው፣ መብራቱና የውስጥ ክፍሉ ሲለወጡ ሻሲው፣ ሞተሩና የእገዳ ሥርዓቱ እንደነበሩ ይቆያሉ። ሁለተኛው ሙሉ ለውጥ ሲሆን መኪናው ከሥሩ እንደ አዲስ ይሠራል። የመጀመሪያው ዓይነት መለዋወጫው ከቀድሞው ጋር ስለሚገጥምና ጠባዩ ስለሚታወቅ ስጋቱ አነስተኛ ነው። ሁለተኛው ግን ገና በመንገድ ያልተፈተነ ነው።

ለዚህ የቶዮታ ቢዜድፎርኤክስ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። ኩባንያው ይህን የኤሌክትሪክ መኪና ለገበያ ካቀረበ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022፣ የጎማ ማሰሪያ ብሎኖች ሊላሉና ጎማው ሊወልቅ ይችላል በሚል 2,700 ያህል መኪኖችን ጠርቷል፤ ባለቤቶቹም እስኪጠገን ድረስ እንዳይነዱ አሳስቧል። ችግሩ ታርሞ ሽያጩ በዚያው ዓመት ጥቅምት ቀጥሏል። ለአስተማማኝነቱ የሚወደስ አምራች እንኳ በመጀመሪያው ዓመት ምርቱ ስሕተት ሊገጥመው ይችላል። በአምራቹ ወኪል የተሸጠ መኪና ሲጠራ ባለቤቱ በስልክ ይነገረዋል፤ በሦስተኛ ወገን አስመጪ በኩል የገባ መኪና ባለቤት ግን ጥሪውን ላይሰማ ይችላል።

ገበሬ አዲስ የበቆሎ ዝርያ ሲመጣ ማሳውን ሁሉ በአንዴ አይዘራበትም። በትንሽ መሬት ሞክሮ፣ የጎረቤቱንም አይቶ በሚቀጥለው ወቅት ይወስናል። መኪናን በትንሹ መሞከር ስለማይቻል፣ የጋምቤላ ገዢ አማራጩ ሌሎች አንድና ሁለት ክረምት እስኪነዱት መጠበቅ ነው።

መሬቱና ውኃው

ጋምቤላ ከተማ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ገደማ ላይ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከብሪታንያ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በዚህ ስፍራ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት ጀልባዎች ለአሥርት ዓመታት ቡናና ሸቀጥ ያመላልሱ ነበር። ጀልባዎቹ የሚደርሱት ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነበር። ያኔ ዝናቡ የጋምቤላን መንገድ ይከፍት ነበር፤ ዛሬ ግን በርካታ የገጠር መንገዶችን የሚዘጋው ያው ዝናብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ባሮና ሌሎች ወንዞች ሞልተው ጋምቤላ ከተማን ጨምሮ ኢታንግንና ላሬን የመሳሰሉ አካባቢዎችን ማጥለቅለቃቸው ይታወሳል።

በክልሉ ዝቅተኛ ቦታዎች በስፋት የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ሸክላው ከፍተኛ ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በክረምት ጎማ ላይ ተለጥፎ ጥርሱን ስለሚደፍነው አራቱንም ጎማ የሚነዳ መኪና እንኳ ይንሸራተታል። በበጋ ደግሞ ተሽከርካሪዎች በእርጥቡ የቀደዱት ቦይ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና የመኪናን ሆድ ይፍቃል።

በዚህ ምክንያት ገዢው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ከምድር እስከ መኪናው ሆድ ያለውን ከፍታ ነው። እንደ ቶዮታ ጂአር86 ያለ የስፖርት መኪና ከምድር የሚርቀው 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው መኪና በአስፋልት ላይ ቢበርም፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታና የተቦረቦረ የድልድይ ዳርቻ ያስቆሙታል፤ ስስ ጎማውም በመጀመሪያው ጉድጓድ ቸርኬውን ለጉዳት ያጋልጣል። በኢትዮጵያ ከተሞች የተለመደው የቮልስዋገን አይዲ.4 ከፍታ 17 ሴንቲ ሜትር፣ የቢዜድፎርኤክስ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እነዚህ ለከተማ አስፋልትና ለተጠረገ የጠጠር መንገድ ይበቃሉ፤ በክረምት ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌ ለሚገባ ግን አይመከሩም። በኤሌክትሪክ መኪና ከሆዱ በታች ያለው ዕቃ ባትሪው፣ ማለትም ውዱ የመኪናው ክፍል፣ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ውኃን በተመለከተ፣ በርካታ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎች አይፒ67 የተባለውን መስፈርት ያሟላሉ። መስፈርቱ ዕቃው በአንድ ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ውኃ እንዳያስገባ ይጠይቃል። ይህ ለአዲስና ላልተመታ ባትሪ የተሰጠ ዋስትና እንጂ ወንዝ ለመሻገር የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ጎርፍ የገባበትን የኤሌክትሪክ መኪና ባለሙያ ሳያየው ቻርጅ ማድረግ አደገኛ ነው። በናፍጣ መኪናም ውኃ በአየር ማስገቢያው በኩል ሞተሩ ውስጥ ከገባ ሞተሩን ይሰብረዋል። የሚወርድ ውኃ ደግሞ ለሁሉም አስፈሪ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎርፍ ትናንሽ መኪናዎችን፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኞቹን ተሽከርካሪዎች ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል።

ሐሩርና ባትሪ

በየካቲትና በመጋቢት የጋምቤላ የቀን ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጠጋል፤ አንዳንዴም ያልፋል። ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ከሚያሳጥሩ ምክንያቶች ዋነኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ማብቂያ ለገበያ የቀረበው ኒሳን ሊፍ ባትሪውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ሞቃታማ ግዛት አሪዞና የሚኖሩ ባለቤቶች የባትሪያቸው አቅም ያለ ጊዜው መቀነሱን አቤት አሉ። ኩባንያው በመጀመሪያ ለአቅም መቀነስ ዋስትና ሰጠ፤ ቀጥሎም ሙቀትን የተሻለ የሚቋቋም ባትሪ አወጣ። በቅርቡ ይፋ የሆነው ሦስተኛው ትውልድ ሊፍ ባትሪውን በፈሳሽ ያቀዘቅዛል። ለጋምቤላ ገዢ ከአዲሱ የሊፍ ቅርጽ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ በዓይን የማይታይ ለውጥ ነው።

ስለዚህ ሻጩ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። የመጀመሪያው ባትሪው የሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ነው ወይስ በአየር የሚል ነው። ሁለተኛው የባትሪው ዓይነት ምንድን ነው የሚል ነው። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያስተዋወቀው «ብሌድ» ባትሪን ጨምሮ የሊቲየም፣ የብረትና የፎስፌት ቅልቅል የሆኑት ባትሪዎች ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማሉ፤ ለብዙ ዙር ሙሌትም ይበቃሉ። ኒኬልና ኮባልት ያለባቸው ደግሞ በተመሳሳይ ክብደት የበለጠ ኃይል ይይዛሉ፤ ሆኖም ለዕለት አገልግሎት ከ80 በመቶ በላይ ባይሞሉ ይመረጣል። የትኛውም ዓይነት ቢሆን መኪናውን ከዛፍ ወይም ከዳስ ጥላ ሥር ማቆምና ሙሌቱን ወደ ሌሊት መውሰድ የባትሪውን ዕድሜ ያራዝማል።

ሙሌትና ርቀት

ለቤት ሙሌት ልዩ ጣቢያ የግድ አስፈላጊ አይደለም። 10 አምፔር የሚስብ መሙያ በ220 ቮልት መስመር ላይ 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪን ከባዶ ለመሙላት 30 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ይህ ረጅም ቢመስልም፣ በአንድ ሌሊት 10 ሰዓት ውስጥ የሚገባው 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ማቀዝቀዣ እየሠራ እንኳ መኪናውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ገበያ ለሚመላለስ ነዋሪ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ቅድመ ሁኔታው የቤቱ መስመር ጤናማ መሆን ነው። ያረጀ ገመድና የላላ ሶኬት ለሰዓታት በሚቆይ ጭነት ግለው እሳት ሊያስነሡ ስለሚችሉ፣ ለመሙያው ብቻ የሚሆን መስመርና ብሬከር በባለሙያ ማዘርጋት ያስፈልጋል።

ረጅም ጉዞ ግን ሌላ ሒሳብ አለው። አዲስ አበባ 766 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፈጣን የመሙያ ጣቢያ ቢከፍትም፣ በምዕራቡ መስመር ለሚጓዝ ሰው መኪናው የት እንደሚሞላ ከመነሻው በስልክ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ዳገቱም አለ። ከጋምቤላ ወደ ጎሬ የሚወጣ መኪና 1,500 ሜትር ያህል ሽቅብ ይጓዛል። ሁለት ቶን ለሚመዝን መኪና ይህ ከፍታ ብቻ 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ በሜዳ 40 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ማለት ነው። በመልስ ጉዞ ቁልቁለቱ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው፣ ከላይ ሞልቶ መውረድ አይመከርም።

በሽያጭ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ርቀትም ጥንቃቄ ይሻል። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ሲኤልቲሲ በተባለው የአገሪቱ መለኪያ ስለሚለኩ፣ ቁጥሩ በአውሮፓው መለኪያ ከሚገኘው ይበልጣል። ከተጻፈው ላይ አንድ ሦስተኛውን ቀንሶ ማቀድ ከመንገድ ላይ መቅረት ያድናል። የመሙያው አፍም በቻይናና በአውሮፓ ስለሚለያይ፣ መኪናው በመስመሩ ላይ ካሉት ጣቢያዎች ጋር መግጠሙ ሊጣራ ይገባል።

የናፍጣው አማራጭና ጥገናው

በክልሉ የገጠር መንገዶች ላይ ለረጅም ዘመን የታመኑት ፒክአፕና ላንድክሩዘር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ባለ 70 ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. በ2023 ሲታደስ ክብ የፊት መብራትና ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር ተጨመረለት፤ መሠረታዊ ጥንካሬው ግን አልተነካም። እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው ሃይለክስም በኅዳር 2018 ዓ.ም. ዘጠነኛ ትውልዱን ይፋ ሲያደርግ፣ ከናፍጣው ጎን ለጎን የኤሌክትሪክ ሞዴል አቅርቧል። ኩባንያው የኤሌክትሪኩ ሃይለክስም እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ መሻገር እንደሚችል ገልጿል። ይሁንና 59.2 ኪሎዋት ሰዓት በሚይዘው ባትሪው የሚጓዘው 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለወረዳ ምልልስ ቢበቃም ወደ ማዕከል ለሚደረግ ጉዞ አጭር ነው።

የናፍጣ መኪና ትልቁ ጥቅሙ ጥገናው ነው። ባሌስትራ፣ ኩሽኔታና ፍሬን የሚፈታ መካኒክ በየከተማው ይገኛል። ጉዳቱ የነዳጅ ወጪና ሰልፍ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በአንጻሩ የሞተር ዘይትና ፍሪሲዮን አያሻውም፤ የዕለት ተዕለት ጥገናው ቀላል ነው። ሆኖም የኮምፒዩተር ወይም የባትሪ ብልሽት ከገጠመው መመርመሪያው መሣሪያና ባለሙያው ያሉበት ድረስ በጭነት መኪና መላክ ሊኖርበት ይችላል። ይህ የማጓጓዣ ወጪ ከግዢው በፊት በሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት።

ውልና ሰነድ

ብዙ አምራቾች ለባትሪ እስከ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ከወኪል ውጭ በገባ መኪና ላይ ግን ዋስትናው ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ራሱ የሚሰጠው ዋስትና በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል። ገዢው ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉትን ቢያረጋግጥ ከኋላ ጸጸት ይድናል፦

1. የሊብሬው፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና በመኪናው ላይ የተመታው የሻሲ ቁጥር አንድ መሆናቸውን፤
2. መኪናው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን፣ ሽያጩም በውልና ማስረጃ ፊት የሚፈጸም መሆኑን፤
3. ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ባትሪው የቀረው አቅም በመቶኛ ስንት እንደሆነ፣ በመመርመሪያ መሣሪያ ታይቶ፤
4. ከሆዱ ሥር የመመታት፣ ከምንጣፉ ሥር የጭቃና የዝገት ምልክት አለመኖሩን፤
5. የስክሪኑ ቋንቋ ገዢው የሚያነበው መሆኑን፤
6. ትርፍ ጎማና ክሪክ አብረው መሰጠታቸውን፤ በርካታ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ትርፍ ጎማ የላቸውም፤
7. የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ቢሆንም የራስን መኪና ጉዳት ስለማይሸፍን፣ የሚገባው ሙሉ መድን ጎርፍን የሚያካትት መሆኑን።

ለማን የትኛው?

ኑሮውና ሥራው በጋምቤላ ከተማ ውስጥ ለሆነ፣ በቤቱ አስተማማኝ መብራትና ጥላ ላለው፣ ወደ ገጠር በክረምት ለማይወጣ ነዋሪ፣ ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ከፍ ያለ የኤሌክትሪክ መኪና ምክንያታዊ ግዢ ነው። በነዳጅ ከሚያድነው ገንዘብ የተወሰነውን ለጥገና መጠባበቂያ ቢያስቀምጥ ደግሞ ይበልጥ ይጠቀማል። መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ከሆነ ግን ብቸኛ መኪናው ይህ መሆን የለበትም።

ከጎደሬና ከመንገሺ ቡና፣ ከአቦቦ በቆሎ ወይም ከኢታንግ ዓሣ ጭኖ ለሚነግድ ሰው መልሱ ይለያል። ለእርሱ መኪናው የሥራ መሣሪያ ነው፤ በነሐሴ ለሦስት ሳምንት ከቆመ ገቢው ይቆማል። ለእንዲህ ያለው ገዢ ያገለገለ ነገር ግን ሻሲው ጤነኛ የሆነ ፒክአፕ ከአዲስና ከሚያብረቀርቅ አውቶሞቢል ይሻላል። ገንዘቡ ለፒክአፕ የማይበቃ ከሆነም ዕዳ ገብቶ ዝቅ ያለ መኪና ከመግዛት፣ በበጋ የራስን ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል መያዝና በክረምት የጭነት መኪና መከራየት ኪሳራን ይቀንሳል።

ገና አሁን የወጣ ሞዴል ዓይኑን የማረከው ገዢ ደግሞ መቆየት አይጎዳውም። ከውሳኔው በፊት ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ፈተና አለ። ዘወትር የሚሄድበትን መንገድ በነሐሴ መጨረሻ ወጥቶ ይመልከት። ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ፣ የትኞቹ መኪኖች እንደሚያልፉና የትኞቹ ዳር ይዘው እንደሚጠብቁ በዓይኑ ይይ። መኪናውን በነሐሴ መርጦ በጥቅምት የሚገዛ ሰው ከአንድ ክረምት በኋላ ጥሪቱን ሲጎትት አይታይም።